ጠመንጃው በማን እጅ ነው? ስለ አስፈሪ ፊልምና ስለ አድናቂዎቹ

አስፈሪ ፊልም በተነሣ ቁጥር ብዙዎቹ ሐያስያን «ገበያ የወለደው ሸቀጥ ነው» ብለው ያልፉታል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ የኪነጥበብ ዘርፍ ከሲኒማ አዳራሽ ተነሥቶ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ከገባ፣ ከዚያም አልፎ ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት አደባባይ ከወጣ፣ ተከታዮቹ በውስጡ የሚያገኙት ምን እንደሆነ መመርመር የሐያሲ ግዴታ ነው። ለዚህም ከዞምቢ፣ ማለትም ከመቃብር ተነሥቶ ከሚራመደው ሬሳ፣ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዞምቢ የሆሊውድ ፈጠራ አይደለም። ምንጩ ሄይቲ ነው፤ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በሸንኮራ እርሻ ይማቅቅ የነበረው ባሪያ፣ ሞቶም እንኳ ከጌታው ሥራ አለማረፍን ከሁሉ የከፋ ዕጣ አድርጎ ካየበት እምነት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው «ነጩ ዞምቢ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ይህን ሥቃይ ወስዶ ለነጭ ተመልካች ማስፈራሪያ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ በፒትስበርግ አካባቢ፣ በ114,000 ዶላር ገደማ፣ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን በጥቁርና ነጭ አዘጋጀ። የዋናውን ገጸ ባሕርይ የቤንን ሚና የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ዱዌን ጆንስ ነበር። ቤን በአንድ የገጠር ቤት ተከቦ ሌሊቱን ከሙታኑ ጋር ሲታገል ያድራል። ሲነጋ ሙታኑን እያደኑ የሚመጡ የታጠቁ ነጮች በመስኮት ያዩትና ከሙታኑ እንደ አንዱ ቆጥረው ተኩሰው ይገድሉታል፤ ሬሳውንም ከሌሎቹ ጋር ከእሳት ይጨምሩታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ይህን ትዕይንት ያየ ሰው፣ የሚያስፈራው ወገን የትኛው እንደሆነ አስተርጓሚ ባላሻው ነበር። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲለውጥ የባለቤትነት ማስታወቂያውን ሳያሰፍር በመቅረቱ ሥራው የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ያሻው ሁሉ እያባዛ አሳየው። ሠሪዎቹን የጎዳው ይኸው ስሕተት አድናቂዎቹን አበዛ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሬዚደንት ኢቭል»ን አወጣ። እዚህ ላይ ጠመንጃው ወደ ተመልካቹ እጅ ይገባል። ጨዋታውን በችኮላ መኮነን አይገባም፤ ጥይቱ ጥቂት ስለሆነ ተጫዋቹ ከመተኮስ ይልቅ መሸሽን ይማራል፤ የጥፋቱ ሁሉ ምንጭም በስውር ምርምር የሚያካሂድ አምብሬላ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ሆኖ ቀርቧል። ይህ ከብዙ ፊልሞች የበለጠ ድፍረት ነው። ነገር ግን ቤንን የገደለው ጥያቄ፣ በመስኮት የሚታየው ሰው ነው ወይስ ሬሳ የሚለው፣ በጨዋታው ውስጥ አይነሣም። መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ለተጫዋቹ የቀረው ማነጣጠር ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የዘርፉ ዋና ኪሳራ ይህ ነው።

አድናቂዎቹ ግን በአደባባይ ሲገናኙ የሚመርጡት ሦስተኛውን ቦታ ነው። የሮሜሮ የ1978 ፊልም «የሙታን ንጋት» የተቀረጸው በሞንሮቪል የገበያ አዳራሽ ሲሆን፣ ሙታኑ ወደዚያ የሚጎርፉት በሕይወት ሳሉ የለመዱት ቦታ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው አዳራሽ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ልብሳቸውን ቀዳደው፣ ፊታቸውን ደም አስመስለው ቀብተው በእግራቸው እየተጎተቱ ተመላለሱ። ተኳሹንም፣ የተከበበውንም ሳይሆኑ ሬሳውን ሆኑ። ፊልሙ በሸማቹ ላይ ያፌዛል፤ እነሱ ፌዙን በገዛ ፊታቸው ላይ ተሸከሙት። (ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቲሸርት ገዝተው እንደሆነ አልጠይቅም።)

የ1968ቱ ፊልም በሚጀምርበት በኢቫንስ ሲቲ መካነ መቃብር ያለችው ትንሽ የጸሎት ቤት አርጅታ ልትፈርስ በተቃረበች ጊዜም፣ በፊልሙ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ባስተባበረው መዋጮ 50,000 ዶላር ገደማ አሰባስበው ያስጠገኗት እነዚሁ የሙታን አድናቂዎች ናቸው።