ድል አድራጊው ሲጽፍ፦ የቄሣር የጋልያ ጦርነትና የእኛ ዜና መዋዕሎች

የአንድ ወራሪ ጦር ዘመቻ የመጨረሻው ምሽግ ሲሰበር ያበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከሰይፉ ዘመቻ ቀጥሎ ሁለተኛ ዘመቻ አለ፤ እርሱም የብዕር ዘመቻ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ብሂል እውነትነቱ ባይካድም፣ ወግቶ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሲነሣ ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላውን ያስረሳል።

በዚህ አጭር ሂስ የምንመረምረው የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቀደምት አርአያ የሆነውን፣ ዩልዮስ ቄሣር ስለ ጋልያ ጦርነት የጻፈውን ማስታወሻ ነው። ጋልያ በአመዛኙ ዛሬ ፈረንሳይና ቤልጅግ የሚባሉት አገሮች ናት። ጦርነቱ ከ58 እስከ 50 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቆየ። ሰባቱን መጻሕፍት ቄሣር ራሱ፣ ስምንተኛውን ደግሞ የጦር ባልደረባው አውሉስ ሂርትየስ ጽፈውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብልሃት ተራኪው ነው። ቄሣር ስለ ራሱ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ሆኖ፣ በሦስተኛ መደብ ነው። በዚህም የተነሣ ባለጉዳዩም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው መሆኑን አንባቢ ይዘነጋል። ሁለተኛው ብልሃት የምክንያት አሰጣጡ ነው። በ58 ሔልቬታውያን ከአገራቸው ተነሥተው በሮማ ግዛት በኩል ለማለፍ ፈቃድ ቢጠይቁ ከለከላቸው፤ ሌላ መንገድ ሲይዙም ተከትሎ ወጋቸው። ለዚህ የሰጠው ምክንያት የወዳጅ ነገዶች የድረሱልን ጥሪና የሮማ ግዛት ደኅንነት ነበር። በየመጽሐፉ ተመሳሳይ ምክንያት አይታጣም። እንዲህ ሲከላከል የኖረው ጦር በመጨረሻ ከራይን ወንዝ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያለውን አገር ይዞ ተገኘ።

ሦስተኛው ብልሃት ቁጥር ነው። በሔልቬታውያን ሰፈር በግሪክ ፊደል የተጻፈ መዝገብ እንደ ተገኘ፣ ከአጋሮቻቸው ጋር ከተነሡት 368,000 ሰዎች ወደ አገራቸው የተመለሱት 110,000 ብቻ እንደ ሆኑ ቄሣር ይነግረናል። በ57 ከአዱአቱኮች 53,000 ሰዎች ለባርነት መሸጣቸውን፣ በ52 አቫሪኩም ስትያዝ ከ40,000 ያህል ሰዎች ያመለጡት 800 ቢሆኑ ነው ብሎ ይጽፋል። የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት በእነዚህ አኃዞች ላይ ጥርጣሬ አላቸው። ቢጋነኑም ባይጋነኑም ግን አንድ ነገር ያስረዱናል፤ ጸሐፊው አላፈረባቸውም፣ በሮማ አንባቢ ፊት መመኪያ ይሆኑኛል ብሎ አቀረባቸው። በሮማም ቢሆን ሁሉም አላጨበጨበም። በ55 ቄሣር መሪዎቻቸው ለድርድር የመጡ የጀርመን ነገዶችን በፈጀ ጊዜ፣ የሸንጎ አባል የነበረው ካቶ ቄሣር ለተበደሉት ተላልፎ ይሰጥ ብሎ እንደ ተከራከረ ፕሉታርክ ጽፏል። ይህ ክርክር በቄሣር መጽሐፍ ውስጥ የለም።

የመጽሐፉ እውነተኛ መፈተኛ የሚገኘው በሰባተኛው ክፍል ነው። በ52 የጋልያ ሰዎች በቬርሲንጀቶሪክስ መሪነት አሌዝያ በተባለች ከተማ ተከበቡ። ስንቅ እያለቀ ሲሄድ፣ የከተማዪቱ ባለቤቶች የሆኑት ማንዱብያውያን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው እንዲወጡ ተገደዱ። ወደ ሮማውያን ምሽግ ቀርበው፣ ባሪያ አድርጋችሁ ተቀበሉን፣ ብቻ እህል ስጡን እያሉ በእንባ ለመኑ። ቄሣር ዘብ አቁሞ እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያስ? ተራኪው የእነርሱን ነገር እዚያው ትቶ፣ ለተከበቡት ርዳታ የመጣውን ጦር መድረስ ይተርካል። በሁለቱ ምሽጎች መካከል የቀሩት ሴቶችና ሕፃናት መጨረሻቸው ምን እንደ ሆነ አንዲት ቃል አይጽፍም። ሞታቸውን የምንሰማው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከጻፈው ከካስዩስ ዲዮ ነው። ይኸው መጽሐፍ በአውሮጳ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ትውልድ የላቲን ሰዋስው መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ይህ የጥንት ነገር ለእኛ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ሙሶሊኒ በ1932 በሮማ ባስመረቀው የንጉሠ ነገሥት ግዛት ጎዳና ላይ የቄሣር ሐውልት ቆመ። በ1934 የሮማን ግዛት መስፋፋት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በዚያው ተሰቀሉ፤ በ1936 ኢትዮጵያን የያዘ አምስተኛ ካርታ ታከለበትና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነሣ። በዚያው በ1936 ማርሻል ባዶልዮ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት የጻፈውን መጽሐፍ በሙሶሊኒ መቅድም አሳተመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉበትን የመርዝ ጋዝ ይህ መጽሐፍ አያነሣውም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በሥራ ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው 60 ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 ነው።

እስከዚህ ድረስ ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንለያይ አይመስለንም። ከባዱ ጥያቄ የሚቀጥለው ነው። የራሳችንን ዜና መዋዕሎች በዚህ ዓይን አንብበናቸዋልን? የዐፄ ዐምደ ጽዮን የ14ኛው ምዕት ዓመት ዘመቻ በግዕዝ የተጻፈው ከንጉሡ ወገን ነው፤ የኢማም አሕመድ የ16ኛው ምዕት ዓመት ዘመቻ በዓረብኛ የተጻፈው ከኢማሙ ወገን ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የዐፄ ምኒልክን ዘመን ሲጽፉ የቤተ መንግሥቱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የ1894ቱን የወላይታ ዘመቻና የንጉሥ ጦናን መማረክ የሚያጠና ሰው፣ ከዜና መዋዕሉ ጎን ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም በ1896 ያሳተመውን መጽሐፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወላይታ ሽማግሌዎችን ቃል ማኖር ይገባዋል።

ይህን ማለት ዐድዋን ማሳነስ፣ ለአገር አፍራሾችም ስንቅ ማቀበል ነው የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ሥጋታቸውን አንንቅም። ሆኖም ባዶልዮን የመዘንንበትን ሚዛን የራሳችን ተራ ሲደርስ ብንደብቀው፣ በባዶልዮ ላይ የፈረድነውም ፍርድ ክብደቱን ያጣል። ዜና መዋዕል ሁሉ ውሸት ነው ብለው የሚጥሉትም ቢሆኑ አልቀናቸውም። ማንዱብያውያን እያለቀሱ መለመናቸውን ያወቅነው ከራሱ ከቄሣር ብዕር ነው። መጽሐፉን ብንጥለው የእነርሱንም ልመና አብረን እንጥላለን።

በስደት ያለን ምሁራን የበርካታ አገሮች ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት በእጃችን ነው፤ ገጻችንን የሚቆርጥ ሳንሱርም የለብንም። ይህን ዕድል አግኝተን የየወገናችንን የድል መጽሐፍ ብቻ ደግመን ብናባዛ፣ የአገር ቤት ባልደረቦቻችን በነፃነት ሊሠሩት ያልቻሉትን ሥራ እኛም ሳንሠራው እንቀራለን። በየዜና መዋዕሉ ተራኪው ነገሩን አቋርጦ ወደ ሌላ ያለፈበትን ስፍራ ፈልገን፣ በምሽጉ ደጅ የቀሩት እነማን እንደ ነበሩ እንጠይቅ።