ወቅፍ በመስታወት ሥር፦ ስለ ሸሪፍ የሐረር ሙዚየም
ይህ ሙዚየም የሚገኘው በጀጎል ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ታሪካዊ ሕንፃ ነው። መሥራቹ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው ሙስሐፎችና ኪታቦች ከመጥፋት ድነውበታል፤ የሐረር የመጻሕፍት ድጉሰት ጥበብም በእርሳቸው ጥረት ዳግም ነፍስ ዘርቷል። ይህ ውለታ አያከራክርም። ትችቴ በእኛ በጎብኚዎቹ ላይ ነው።

በመስታወት ሥር የተዘረጋ ሙስሐፍ የሚያሳየው ሁለት ገጽ ብቻ በመሆኑ ዓይናችን ወደ ሐረጉና ወደ ቀለሙ ያዘነብላል። ነገር ግን ከሐረር ሙስሐፎች በርካታዎቹ ወቅፍ ተደርገው የተሰጡ ናቸው፤ የተጻፉትም ለቂርኣት ነው። የወቅፉ ቃል፣ የጸሐፊው ስምና የኅዳጉ ማስታወሻ ከውበቱ እኩል ሊጤኑ ይገባል።

ስለዚህ ከወላይታ ሶዶ ደረሳዎቹን ይዞ ወደ ሐረር የሚዘልቅ ኡስታዝ ውበቱን ከማድነቅ አልፎ፣ «ማን፣ ለማን ወቅፍ አደረገው?» ብሎ ያስጠይቃቸው። ሙዚየሙ ኪታቡን ጠብቋል፤ ማንበቡ የእኛ አማና ነው።