የተገፋው እጅ፦ የሹቲ ጋትዋ የ‹ዶክተር ሁ› ዘመን ሲመዘን

‹ዶክተር ሁ› የተባለው የቢቢሲ ተከታታይ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ረጅም ዕድሜ የሰጠው በ1966 የመጀመሪያው መሪ ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ የተገኘ ዘዴ ነው። ከሌላ ፕላኔት የመጣውና ታርዲስ በምትባል ሰማያዊ ሣጥን በጊዜና በጠፈር የሚዞረው ዶክተር ሞት ሲቀርበው መልኩም ጠባዩም ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ተመልካች የድራማውን ታሪክ የሚከፍለው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዘመኑን በየንጉሡ እንደሚከፍል ነው፤ የቶም ቤከር ዘመን፣ የዴቪድ ቴናንት ዘመን፣ የጆዲ ዊታከር ዘመን ይባላል። ይህ አከፋፈል ለማስታወስ ቢመችም ፍርድን ያዛባል። ዘመኑ በተዋናዩ ስም ስለሚጠራ የደራሲው ጥፋት ሁሉ በተዋናዩ ስም ይመዘገባል።

በሹቲ ጋትዋ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጋትዋ በ1992 ሩዋንዳ ተወልዶ ቤተሰቡ ከዘር ማጥፋቱ ሸሽቶ ስኮትላንድ ሲገባ ገና ሕፃን ነበር። ጆ ማርቲን በ2020 በእንግድነት ብቅ ያለችበትን ሚና ካልቆጠርን፣ ድራማውን በመሪነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ እሱ ነው። ዘመኑ ከ2023 መጨረሻ እስከ ሜይ 31 ቀን 2025 ቆየ። ስምንት ስምንት ክፍል ያላቸው ሁለት ምዕራፎችና ሁለት የገና ልዩ ዝግጅቶች ናቸው፤ ከዚህ በላይ የለም። የተመልካቹ ቁጥር ዝቅ አለ፤ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ ድራማውን ያሰራጭ የነበረው ዲዝኒ ፕላስም በ2025 ከሽርክናው ወጣ። ብዙ ገምጋሚዎች ከዚህ ተነሥተው ዘመኑን ከሸፈ ይሉታል። እኔ ግን ጥያቄው መነሳት ያለበት ከሌላ በኩል ነው እላለሁ፤ ድራማው ይህን ተዋናይ ምን ያህል አመነው?

መግቢያው ራሱ ብዙ ይናገራል። በ‹ዘ ጊግል› ክፍል ዋና ደራሲው ራስል ቲ ዴቪስ የስድሳ ዓመቱን ሥርዓት ለወጠ። ቴናንት የተጫወተው ዶክተር አልሞተም፤ ለሁለት ተከፈለና ጋትዋ ከጎኑ ወጣ። ልብሱን እንኳ ለሁለት ተካፈሉት። ነባሩ ዶክተር ከወዳጁ ከዶና ቤተሰብ ጋር በምድር ተቀምጦ ሲያርፍ አዲሱ ወደ ሥራ ሄደ። የዴቪስ ሐሳብ ደግ ነበር፤ የተጎዳው እንዲያርፍ፣ የተፈወሰው እንዲጓዝ ፈልጎ ነው። በድራማው ሕግ ግን ዙፋን የሚወረሰው ነባሩ ሲለቅ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ቦታውን ባዶ አግኝተው ገብተዋል፤ ጥቁሩ ዶክተር ሲመጣ ነባሩ በሕይወት፣ ያውም በተወደደ መልኩ፣ እንደ መጠባበቂያ ተቀምጧል። ይህን የሚያካክስ ጽሑፍ በቀጣዮቹ ክፍሎች አላየሁም።

ሁለተኛው ጉድለት የጊዜ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ቀረጻ ሲጀመር ጋትዋ ‹ሴክስ ኤዱኬሽን› የተባለውን ሌላ ተከታታይ ድራማ ገና አልጨረሰም ነበር። ስለዚህ ከስምንቱ ክፍሎች ሁለቱ፣ ‹73 ያርድስ› እና ‹ዶት ኤንድ በብል›፣ እሱ ጥቂት ብቻ እንዲታይባቸው ሆነው ተጻፉ። በቀሩት ላይ ደግሞ ደራሲዎቹ እንባውን አበዙት። የጋትዋ ፊት ደስታንም ሐዘንንም በአንድ ቅጽበት ይሸከማል፤ ሲደንስም ሲስቅም ዓይን ይስባል። ይህ ፀጋ ግን በየክፍሉ ሲጠራ ዋጋው ይቀንሳል። ዶክተሩ ጠላት ፊት ቆሞ በአንደበቱ ብቻ የሚያሸንፍበት ትዕይንት ለቀደሙት ተዋናዮች በገፍ ተጽፎ ነበር፤ ለጋትዋ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ያም ሆኖ ዘመኑን የሚያስከብረው አንደኛው ክፍል እሱ እምብዛም የማይታይበት ‹ዶት ኤንድ በብል› ነው። ፋይንታይም በተባለች ከተማ የሀብታም ልጆች ራሳቸውን በከበበ የስክሪን አረፋ ውስጥ ይኖራሉ፤ ያለሱ መንገድ እንኳ መሄድ አይችሉም። ግዙፍ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡሮች አንድ በአንድ ሲበሏቸው ዶክተሩ በስክሪን እየገባ ሊንዲ የተባለችውን ወጣት ያስጠነቅቃል፣ ይመራል፣ ያድናል። ተመልካች ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የተጻፈ ተረት የሚያይ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ዶክተሩ በአካል ቆሞ የተረፉትን በታርዲስ ላሳፍራችሁ ሲላቸው እምቢ ይላሉ። ከእሱ ጋር መሳፈር አይመጥነንም ነው ነገሩ፤ የቆዳው ቀለም ነው ምክንያቱ። ያን ጊዜ ተመልካች ወደ ኋላ ሲያስብ በአረፋው ውስጥ ያየው ፊት ሁሉ ነጭ እንደነበር ያስተውላል። ዴቪስ ፍንጩን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በየቦታው ጥሎታል። ጋትዋ ይለምናቸዋል፤ ስለ እሱ ያሻቸውን ያስቡ፣ ብቻ ይትረፉ። እምቢታቸው ሲጸና ሣቅ ከጉሮሮው ይወጣል፣ ሣቁ ጩኸት ይሆናል። በሁለቱ ምዕራፎች ውስጥ እንባው ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው በእስራኤል፣ በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በተባለው ሰፈር ተቀምጬ ነው፤ ከዚህም ስለሆነ ትዕይንቱን ከ1996 ለይቼ ማየት አልችልም። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾች ደም፣ ለለጋሾቹ ሳይነገር፣ ለዓመታት ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የኤችአይቪ ሥጋት ነበር። የሁለቱ ሁኔታ አንድ አይደለም፤ ያኛው ፖሊሲ ነው፣ ይህኛው ልቦለድ። ቁስሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሲበደል መቆጣት የታወቀ ነው፤ ሊያድን የዘረጋው እጅ፣ የሰጠው ደም፣ ርኩስ ተብሎ ሲመለስበት የሚሰማው ሌላ ነው። ይህን ስሜት በዋና ሰዓት በሚታይ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ አላየሁትም። እናቶቻችንና አባቶቻችን በአማርኛና በትግርኛ ለልጆቻቸው ሊነግሩት የሚቸገሩትን፣ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ የትርጉም ጽሑፍ ሊያዩት ይችላሉ።

ሁለተኛው ታላቅ ክፍል የ2025ቱ ‹ዘ ስቶሪ ኤንድ ዚ ኢንጂን› ነው። ደራሲው በናይጄሪያ የተወለደው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ኢኑዋ ኤላምስ ነው፤ ቀደም ሲል ‹ባርበር ሾፕ ክሮኒክልስ› በተባለው ተውኔቱ የጥቁር ወንዶችን ፀጉር ቤት መድረክ ላይ አውጥቶ ነበር። ዶክተሩ ሌጎስ ውስጥ ወዳለ ፀጉር ቤት የሚሄደው ሊዋጋ አይደለም፤ በዚህ ቆዳው ማንም ሳይገረም የሚቀበለው ቦታ ስላገኘ ነው። ‹ዶት ኤንድ በብል› የሚናገረውን ሕመም ይህ ክፍል ወደ ዕረፍት ይለውጠዋል። ፀጉር ቤቱ ግን ወጥመድ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ አቤና የተባለች ሴት ከወጥመዱ የሚያወጣውን መንገድ ካርታ በዶክተሩ ራስ ላይ ትሠራዋለች። ሹሩባ ሲሠራ እናቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ያደገ አንባቢ ይህ ትዕይንት የት እንደሚነካው ያውቃል። ሴራው ወደ መጨረሻው ይጣደፋል፣ በርዕሱ የተጠቀሰው ሞተር አሠራርም በቅጡ አልተብራራም። ጋትዋ ግን እዚህ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤቱ ሰው ይቀመጣል፤ ትከሻው እንኳ ዝቅ ይላል።

ድራማው ፖለቲካ በዛበት የሚለውን ክስ የምቀበለው በከፊል ነው። ‹ላክስ› የተባለው ክፍል በ1952ቱ ማያሚ ሰው በዘር ይለይ እንደነበር ጠቅሶ ወዲያው ወደ ካርቱኑ ጠላት ይሮጣል፤ እንዲህ ለይስሙላ ሲነካ ክሱ ልክ ነው። ኤላምስ ግን አንድም ስብከት ሳይጽፍ ጥቁርነትን የታሪኩ ማጠንጠኛ አድርጎታል። ልዩነቱ የጽሑፉ ጥራት ነው።

መደምደሚያው ‹ዘ ሪያሊቲ ዋር› ያሳዝነኛል። ቫራዳ ሴቱ የተጫወተቻት የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ፣ ነርሷ ቤሊንዳ፣ ዶክተሩን ፊት ለፊት የምትሞግት፣ ያለ ፈቃዴ አትንካኝ የምትል ሴት ሆና ነበር የመጣችው። በመጨረሻ ታሪኳ ሁሉ ተገልብጦ ፖፒ ለተባለች ሕፃን ብቻ የምትኖር እናት ተደረገች። ዶክተሩም ያቺን ሕፃን ወደ ዓለም ለመመለስ ሕይወቱን ሰጠ። መሥዋዕትነቱ ያምራል፤ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ተጠንስሶ ያለቀ ነው፣ አልተዘራም። ከዚያ የተነሣው ፊት የቢሊ ፓይፐር ሆነ፤ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዴቪስ የመጀመሪያ ዘመን፣ የዶክተሩን የጉዞ ጓደኛ ሮዝን የተጫወተችው ተዋናይት ናት። ጋትዋ ሲገባ ከጎኑ የቴናንት ፊት ነበር፤ ሲወጣም ከዚያው ዘመን የመጣ ሌላ ፊት ተካው። በሁለት ትዝታዎች መካከል ተጨንቆ የቆየው ተዋናይ ሦስተኛ ምዕራፍ ቢሰጠውና ግማሹን እንደ ኤላምስ ያሉ ጸሐፊዎች ቢይዙት፣ ዛሬ ስለ ከሸፈ ዘመን ሳይሆን ገና ስለሚያድግ ዶክተር እንጽፍ ነበር።