መጽሐፈ በርለዓም ወይዋስፍ እና የቡድሃ ታሪክ

የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም መጽሐፈ በርለዓም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት በ1553 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው። ጊዜው የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ የግራኝ ጦርነት ካበቃ ዐሥር ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

የመጽሐፉ ነገር እንዲህ ነው። አንድ የህንድ ንጉሥ ልጁ ኀዘን እንዳያይ ብሎ በአዳራሽ ዘግቶ አሳደገው። ልጁ ይዋስፍ ግን ከበር በወጣ ጊዜ ድውይን፥ ዕውርን፥ ኋላም ሽማግሌን አየ፤ ሞት እንዳለም ሰማ። ልቡ ሲታወክ መነኵሴው በርለዓም ነጋዴ መስሎ ገባና፥ የከበረ ዕንቍ አምጥቻለሁ ብሎ ወንጌልን አስተማረው።

ይህ የበሩ ታሪክ በህንድ አገር ስለ ቡድሃ የሚነገር ነው። ስሙም ቦዲሳትቫ ከሚለው የቡድሃ ማዕርግ የወጣ ነው፤ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ቡዳሳፍ ተባለ፤ በዐረብ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለዩ ዩዳሳፍ ሆነ፤ ከዚያም በጊዮርጊያና በጽርዕ በኩል አልፎ ዮአሳፍ ተባለ። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን በ1859 እና በ1860 በገለጡ ጊዜ፥ የሮም ቤተ ክርስቲያን የይዋስፍን ስም በሰማዕታት መዝገቧ አስገብታ ነበርና፥ ሳታውቅ ቡድሃን ቅዱስ አደረገች እያሉ የዘበቱ አልታጡም።

ዘባቾቹ ግን በሩን እንጂ ቤቱን አላዩም። ፈላስፋው አርስጢደስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ስለ ክርስትና የጻፈው የመከላከያ ቃል ጠፋ ሲባል ኖሮ፥ በ1889 የሱርስት ትርጕሙ በደብረ ሲና ገዳም ተገኘ፤ ያን ጊዜ የጽርዑ ቃል በዚሁ በበርለዓም መጽሐፍ ውስጥ ተሰውሮ መኖሩ ታወቀ። ቡድሃ የመከራ ሥሩ ፍትወት ነው፥ ፍትወትም ሲጠፋ መከራ ይጠፋል ብሎ አስተማረ፤ ይዋስፍ ግን ስለ ፈጣሪና ስለ ትንሣኤ ሙታን ተማረ። ጥያቄው አንድ ነው፥ መልሱ ግን ሁለት ነው።

የቡድሃን ሃይማኖት ከውጭ የሚያዩ ብዙዎች ከዓለም መሸሽ ነው ይሉታል፤ ይህ ነቀፋ በመነኮሳትም ላይ የሚወረወር ነው። በ1956 በናግፑር ከተማ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋራ የቡድሃን ሃይማኖት የተቀበለው ዶክተር አምቤድካር፥ እርሱ ራሱ በህንድ ከተናቁት ወገን የተወለደ ነበርና፥ ይህን ስም ሊያርቅ ደከመ። ከሞተ በኋላ በ1957 በታተመው መጽሐፉ የበሩን ታሪክ አልተቀበለም፤ የ29 ዓመት ሰው እስከዚያ ድረስ ሽማግሌና ሬሳ ሳያይ እንዴት ኖረ ይላል። እንደ እርሱ አተራረክ፥ ሲዳርታ ከአገሩ የወጣው ስለ ሮሂኒ ወንዝ ውሃ የተነሣውን ጦርነት በመቃወሙ ነው።

ይህ ክርክር በታሪክ በኩል ብርቱ ነው፤ በምሳሌ በኩል ግን ይደክማል። ሰው ሁሉ ቀብር ሸኝቶ ወደ ማዕዱ ይመለሳልና፤ ማየት ሌላ፥ ማስተዋል ሌላ ነው። ነገር ግን መከራን አይቶ ባልንጀራውን ትቶ የሄደ ሥራውን አልፈጸመም በማለት አምቤድካር እውነት ተናግሯል። የይዋስፍም ክብር በዚህ ይታወቃል፤ በረሓ ከመውረዱ በፊት ከአባቱ መንግሥት እኩሌታውን ተቀብሎ ገዛ፥ እስረኞችን ፈታ፥ ገንዘቡን ለድሆች በተነ። ሸሸ የሚለው ሁሉ ይህን ክፍል መልሶ ያንብብ።