የአዩርቬዳ እርጋታ፦ ከማዕዱ እስከ ብልቃጡ

ጥንታዊው የህንድ የሕክምና መጽሐፍ «ቻራካ ሳምሂታ» የሕይወት ምሰሶዎች ምግብ፣ እንቅልፍና የተገራ የፍትወት ኑሮ ናቸው ይላል። ሆድንም ለሦስት ከፍሎ አንዱን እጅ ለጠጣር ምግብ፣ አንዱን ለፈሳሽ ይሰጥና ሦስተኛውን ከምግብ ነጻ ያደርገዋል። ጭንቀት እንቅልፍ ለነሳው ሰው ይህ መጥፎ ምክር አይደለም። እኛስ በተጨናነቀው የተመላላሽ ክፍላችን ስለ ታካሚው እራትና እንቅልፍ ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

ነቀፌታዬ በማብራሪያው ላይ ነው። ክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት «ቫታ» የተባለው ኃይል የመብዛቱ ምልክት ተደርገው ይቆጠራሉ፤ መፍትሔውም ሞቅ ያለ፣ ቅባት ያለው ምግብና የዘይት መታሸት ነው። ነገር ግን እነዚሁ ምልክቶች የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ይታያሉ። ቫታን በደም ምርመራ መለካት አይቻልም፤ የታይሮይድ ሆርሞን ግን ይለካል። ታካሚው በቅቤና በሰሊጥ ዘይት ሲታገል የሚባክነው ጊዜ ለልቡ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ከማዕዱ ወደ ብልቃጡ መሻገሩ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ባዝቃ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። «ራሳ ሻስትራ» በተባለው ዘርፍ ማዕድናት ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀላቀሉት ሆን ተብሎ ስለሆነ፣ ሁሉንም በብክለት ማሳበብ አይቻልም። ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና የሆድ ቁርጠት ይዞ የመጣ ታካሚ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዱቄት ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው፣ ካልጠየቅነው አይነግረንም።