የዝንብ አጥማጁን ተክል ፊልም እንዴት እንመዝን?
እኔ መጀመሪያ የማየው ወጥመዱ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ነው። ቬነስ ፍላይትራፕ የሚባለው ሥጋ በል ተክል በተፈጥሮ የሚበቅለው በአሜሪካ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና በዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ ባለው ረግረጋማ ሜዳ ብቻ ነው። እዚያ በብዛት የሚይዘው ጉንዳንና ሸረሪት ነው፤ ጥንዚዛና ፌንጣም ይገቡለታል። በራሪ ነፍሳት ግን ከሚይዘው 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ወፍራም የቤት ዝንብ ቅጠሉ ላይ ዱብ ሲል ካየሁ፣ በወረንጦ የጣለው ሰው መኖሩን እጠረጥራለሁ። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። አንድ ወጥመድ በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ለቀረጻ ሲባል የተነካካ ቅጠል ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል።

መዝጋቱንማ ማንም ያሳያል። ቅጠሉ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ፀጉሮች አንዱ ይነካል፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ንክኪው ከተደገመ ወጥመዱ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ይከደናል። የቀራጩ ችሎታ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። የዳር ጥርሶቹ ተጠላልፈው ፍርግርግ ይሠራሉ፤ ትንሽ ጉንዳን በክፍተቱ ሾልካ ታመልጣለች። ተለቅ ያለው ነፍሳት ግን ሲታገል ፀጉሮቹን ደጋግሞ ይነካል፤ ወጥመዱም በሰዓታት ውስጥ እየጠበቀ ይታሸግና የሚፈጨው ፈሳሽ ይመነጫል። የጉንዳኗን ማምለጥ ታግሶ የቀረጸ ሰው ተክሉን በእርግጥ ያውቀዋል። የማኘክ ድምፅ የጨመረበትን ግን አላምነውም።

ተክሉን የሚያድነው መሬቱን የሚያሳይ ፊልም ነው። ነፍሳት የሚበላው አፈሩ አሸዋማ፣ እርጥብና ናይትሮጂን ያነሰው ስለሆነ ነው። በሜዳው ላይ ባለ ረጅም ቅጠል የፓይን ዛፎች ተራርቀው ይቆማሉ፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚነሣ እሳት ከሥራቸው ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ይጠርጋል። እሳቱ ከተከለከለ ቁጥቋጦው ቦታውን ይወርሳል፤ ፀሐይ ያጣው ተክልም እየመነመነ ይጠፋል። ተመልካች ግን ነበልባል ሲያይ የሚታየው ጥፋት ነው። ጎበዝ ቀራጭ ካሜራውን አንድ ቦታ ላይ አጽንቶ ጥቁሩን አመድ፣ ቀጥሎ ከአፈር ሥር የሚወጣውን ቡቃያ፣ ከዚያም ከወጥመዶቹ በላይ በረጅም አገዳ ላይ የሚፈካውን ነጭ አበባ በተከታታይ ያሳየናል። በአበባው ላይ የሚያርፉት ንቦች ከሥሩ ባሉት ወጥመዶች እምብዛም አይያዙም። ይህን በአንድ ቀረጻ ለማሳየት ከቅጠሉ ተነሥቶ አገዳውን እየተከተለ ወደ ላይ የወጣ ካሜራ ካየሁ ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም።

አስቸጋሪው ነገር መሬቱን እያሳዩ ቦታውን መደበቅ ነው። ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተክሉን ከዱር ነቅሎ መስረቅን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች፤ ሌቦቹ ግን አልቀሩም። መንገድ፣ የታወቀ ማማ ወይም ምልክት ያለበት አጥር የገባበት ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ከፊልሙ መውጣት አለበት። ብልህ ቀራጭ ካሜራውን እስከ ሣሩ ቁመት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሜዳው ስፋቱን ሳያጣ የሚታየው ሣር፣ ግንድና ሰማይ ብቻ ይሆናል። የድሮን ምስል እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ባላይ እመርጣለሁ።