ቀዳሚ አድማጭ

ኤልያስ መልካ በመስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት በተለየ ጊዜ፣ ስለ ዜማ ደራሲነቱ፣ ስለ ግጥም ጸሐፊነቱ፣ ይልቁንም ስለ ሙዚቃ አቀናባሪነቱ ብዙ ተባለለት፤ የተባለውም ሁሉ የሚገባው ነበረ። እኔ ግን ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ በአንገር ወንዝ ሸለቆ በምትገኘው በአንገር ጉቲን ተቀምጬ የመዘምራንንና የሰርግ ዘፋኞችን ድምፅ በመቅረጽ እንጀራዬን የምበላ ሰው እንደ መሆኔ፣ በዚያ ሁሉ ምስጋና መካከል በሚገባ ሳይነሣ የቀረ መስሎ የታየኝን አንድ ማዕርጉን፣ ማለት አድማጭነቱን፣ በሙያ ባልደረባ ዓይን አይቼ ልጽፍለት እወድዳለሁ። ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልተቀመጥሁም፤ ነገር ግን በእጁ ያለፉትን ሥራዎች ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ በመስማት የተማረ ሰው ደቀ መዝሙር መባል የተፈቀደለት እንደ ሆነ፣ እኔም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነኝ።

ድምፅ ቀራጭ ምን የሚሠራ ሰው ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ብዙው ሕዝብ መልሱን የሚፈልገው ከመሣሪያው ዘንድ ነው፤ ማይክሮፎን የሚተክል፣ ኬብል የሚዘረጋ፣ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ነው ይላል። ይህን ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን ዘፋኝ በአደባባይ ሲዘፍን ሺህ ሰው ይሰማዋል፤ ወደ ስቱዲዮ በገባ ጊዜ ሺሁ ሰው ሁሉ ከበር ውጭ ይቀርና ከመስታወቱ ማዶ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጣል፤ ያም ሰው ሕዝቡ ከመስማቱ አስቀድሞ ስለ ሕዝቡ ሆኖ የሚሰማ ነው። እርሱ ልቡን ከፍቶ የሰማ እንደ ሆነ ዘፋኙም ልቡን ከፍቶ ይዘፍናል፤ እርሱ ሳይበቃ ‹‹ይበቃል›› ያለው ጉድለት፣ ዘፋኙ ካለፈ በኋላ እንኳ ሳይታረም ይኖራል። ማይክሮፎን በገንዘብ ይገዛል፤ ለሌላው ሰው ድምፅ ሲባል የራስን ጣዕም ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ጆሮ ግን በብዙ ዘመን ልምምድ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ድምፅን ከማለፍ ለማስቀረት የተደረገው ድካም በአገራችን ከመሣሪያው መምጣት እጅግ ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በብራና ለማጽናት ብለው ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክን፣ ድፋትንና የቀሩትን ምልክቶች በፊደሉ ራስ ላይ ባኖሩ ጊዜ፣ ያን ከማድረጋቸው በፊት በማሕሌቱ መካከል ቆመው ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ በጥንቃቄ መስማት ነበረባቸው። ወደ ወለጋችን ስንመለስ ደግሞ አስቴር ጋኖን እናገኛለን። እኚህ ሴት ከባርነት ቀንበር ነጻ ወጥተው በምፅዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ በአእምሮአቸው ይዘውት የመጡትን የኦሮሞ ሕዝብ ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ፣ ቁጥሩ 500 ያህል የሚሆነውን፣ በቀለም ጽፈው አኖሩ፤ ከእርሱም ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1904 መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጐመው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ በማስተማር ኖሩ። ሰዎች እርሳቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ረዳትነታቸው ያስታውሷቸዋል፤ እኔ ግን በአውራጃችን ከነበሩት ቀራጮች ሁሉ ቀዳሚዋ እርሳቸው እንደ ሆኑ አድርጌ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው በሰርግና በምድጃ ዳር ሰምቶ ያሳለፈውን፣ እርሳቸው ይጠፋ ይሆናል ብለው ሰምተውታልና።

መሣሪያው ከመጣ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮን በአዲስ አበባ አቋቁሞ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች እስከ ሩቅ አህጉር ድረስ ያሰማ ጀመር፤ በ1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት እስኪወረስ ድረስም ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የድምፅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። ዐምሃ እሸቴ ደግሞ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ግድም ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ሸክላዎቹንም በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ እያስመታ ያስመጣ ነበር። ከእነዚያ ሸክላዎች አንዱን በእጁ የያዘ ሰው የዘፋኙን ስም፣ የባንዱን ስም፣ የአሳታሚውን ስም ያነብባል፤ በዚያ ሌሊት በቴፑ ፊት ተቀምጦ ‹‹አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክረው›› ያለው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

የእኔ የሥራ ክፍል የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት ናት። ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽና በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ፤ ክረምት በገባ ጊዜ የወለጋ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሥራው ሁሉ ይቆማልና፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀረጻው በማለዳ፣ ደመናው ሳይሰበሰብ መከናወን አለበት። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የጎረቤት ጄነሬተር ጉርምርምታ ይከተላል፤ ይህንንም ድምፅ በኋላ በኮምፒዩተር ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ከዘፋኙ ድምፅ ታችኛውን ክፍል አብሮ ስለሚያጠፋው፣ መታገሡ ይሻላል።

መዘምራን ከነከበሮአቸው በመጡ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ማይክሮፎን የለኝምና፣ ሁሉንም በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ በግማሽ ክብ አቆማቸዋለሁ። እንዲህ ሲሆን የድምፁ ሚዛን የሚስተካከለው በመሣሪያ ሳይሆን በእግር ነው። ድምፅ በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በጠባብ ክፍል ግን ግድግዳው ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይገኝምና በጆሮ መፈለግ ያስፈልጋል። ከበሮውን እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ አርቄ ሰፊውን አፉን ወደ ብርድ ልብሱ አዞረዋለሁ፤ ድምፅዋ የጎላውን ልጅ አንድ እርምጃ አስመልሳታለሁ፤ ድምፃቸው የሳሳውን ወደ ፊት አቀርባቸዋለሁ፤ ነገር ግን እጅግ የቀረበ እንደ ሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማው ማይክሮፎን ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋልና ከአንድ ስንዝር በታች አላስጠጋም። ከዚህ በኋላ ያስዘመርኋቸው እንደ ሆነ፣ አንዳንዱ ዘማሪ የቆመበትን ስፍራ እንደ ክብር ቆጥሮ ‹‹ጋሼ፣ ምነው ወደ ኋላ ጣልኸኝ?›› ይለኛል፤ የተቀረጸውን ሲሰማና የእርሱ ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ሲወጣ ግን ወደ ስፍራው በደስታ ይመለሳል።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ ከተዛወሩት ወገኖቻችን መካከል የሆኑ አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው እንጉርጉሮአቸውን ለማስቀረት ፈልገው ይዘዋቸው መጡ። ማዳመጫውን በጆሮአቸው ባደረግሁላቸው ጊዜ የራሳቸው ድምፅ ከውጭ እንደ እንግዳ ስለ መጣባቸው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም ወደ ማይክሮፎኑ ብረት እያመለከቱ፣ ‹‹ልጄ፣ እኔ ለዚህ ለማን ብዬ ላንጎራጉርለት?›› አሉኝ። ማዳመጫውን አንሥቼ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ እየቀረጸ እንዲቆይ ትቼ፣ ወንበሬን ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥሁና፣ ‹‹ለእኔ ነው፣ እማማ፤ እኔ ልስማዎት›› አልኋቸው። ትንሽ ቆዩ፤ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ አየሁ፤ ከዚያም መጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ በሙሉ ድምፅ፣ ስለ ቀሩ ሰዎችና ስለ ቀረ ቀዬ ያንጎራጉሩ ጀመር። በቀረጻው ውስጥ የወንበር ሲጥሲጥታና የእኔ ትንፋሽ ይሰማል፤ አላጠፋሁትም።

ኤልያስ መልካ በዚህ ነገር ከብዙዎቻችን የላቀ የሆነው፣ ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ይህን የመጀመሪያ ሰሚነት ለአዳዲስ ድምፆች በመስጠቱ ይመስለኛል። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ሰው ነበር፤ የእርሱን ቅንብር ስሰማ ከቃሉ በታች የሚሄደው ድምፅ ቃሉን ሳይጫነው ተሸክሞት እንደሚሄድ አስተውላለሁና፣ ይህ ጠባይ ከዚያ መሣሪያ ያገኘው ትሩፋት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። በበገና ስቱዲዮው የዘሪቱ ከበደ፣ የኢዮብ መኰንን፣ የሚካያ በኃይሉ የመጀመሪያ አልበሞች በእጁ አልፈዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሰማ ሰው፣ የአንድ ሰው እጅ ሥራ መሆናቸውን በአንድ ጊዜ ላያውቅ ይችላል፤ የኢዮብ ድምፅ በሬጌው ምት ላይ ዘና ብሎ የሚራመድበት መንገድ ሌላ፣ የሚካያ ለስላሳ አንደበት በጆሮ አጠገብ እንዳለ ሆኖ የሚነገርበት መንገድ ሌላ ነው። ማኅተሙን በሁሉ ላይ የሚያትም አቀናባሪ ብዙ አለ፤ እያንዳንዱን ድምፅ በራሱ ጠባይ የሚያሳድር ግን ጥቂት ነው። ኢዮብ በ2005፣ ሚካያም በ2006 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ። በዚያ ጊዜ የእነርሱን ድምፅ ከሁሉ አስቀድሞ የሰማው ሰው በዚያው የሥራ ክፍል ተቀምጦ ሥራውን መቀጠል ነበረበት፤ በዚህ ሙያ የኖረ ሰው ይህ እንዴት ያለ ሐዘን እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ የሟቹ ድምፅ ገና ሳይደባለቅ፣ ከነትንፋሹና ከነሳሉ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛልና።

ሌላው ሥራው ስለ ጥበብ ሰዎች መብት ያደረገው ተጋድሎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎአል። ሕጉ ደራሲ፣ ዘፋኝና የድምፅ ቅጂ አሳታሚ እያንዳንዳቸው መብት እንዳላቸው ቢያውቅም፣ በገበያው ላይ ግን ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲውም በፍላሽና በሞባይል ሚሞሪ በተተካ ቁጥር ያለ ዋጋ መገልበጥ እየቀለለ መጣ። በእኛም ከተማ ከገበያው ዳር ሚሞሪ የሚሞላ ሱቅ አለ፤ አንድ የሥራ ዘመን የፈጀ አልበም በጥቂት ብር፣ ከሌላ መቶ ዘፈን ጋር ተደባልቆ ይሞላል። ሱቁን የያዘው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋጋ የሚከፈልበት ሌላ በር አላየምና። ኤልያስ ይህን በማስተዋል፣ ማማረሩን ትቶ በሩን ራሱ ለመሥራት ተነሣ። ከኃይሌ ሩትስ፣ ከዮሐንስ በቀለ (ጆኒ ራጋ) እና ከሌላ ባልደረባ ጋር በመሆን፣ ሰው በስልኩ ዘፈን እየገዛ የሚሰማበትን አውታር የተባለውን መተግበሪያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ የኖረው አራት ወር ያህል ብቻ ነው። ሕመም በጸናበት በዚያ ዘመን፣ ለራሱ ዕረፍት ሊሆን ይገባው የነበረውን ኃይል ለባልደረቦቹ እንጀራ ማዋሉን ሳስብ፣ አክብሮቴ ይጨምራል።

በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ማኅበር በሥራው የተገናኘ እንጂ በደንብና በመዝገብ የተቋቋመ አልነበረም፤ አንዱ ግጥም ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ጊታር፣ ሌላው ገና ያልተሞከረ ድምፅ። እንዲህ ያለ ቤት በክፍላተ ሀገራችን እምብዛም አለመኖሩ ያሳስበኛል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚዘምሩና የሚዘፍኑ ልጆች ሞልተዋል፤ የመዝሙር ቡድን የሌለበት ከተማ የለም፤ ነገር ግን የሰላ ጆሮ ያለው ሰው ለማግኘት ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ እንዳለባቸው ያምናሉ። መሄድ የማይችለው ደግሞ በቤቱ ተዘግቶ፣ ስልኩን በትራስ ላይ አስደግፎ፣ ራሱን ይቀርጻል። ወደ እኔ ይዘውት የሚመጡትን ስሰማ፣ የጎደለው የማይክሮፎኑ ዋጋ ሳይሆን ከፊታቸው ተቀምጦ ‹‹ይህን ቃል ደግመህ በለው፤ አልገባኝም›› የሚላቸው ሰው መሆኑን አያለሁ። አሁን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ክፍሌን ያለ ክፍያ እከፍትላቸዋለሁ፤ አንዱ ሲዘፍን ሌላው በእኔ ወንበር ተቀምጦ ማዳመጫውን ያደርጋል፤ ሥራው ሲያልቅም በመዝገቡ ላይ የዘፋኙን፣ ከበሮ የመታውንና ያን ቀን የሰማውን ልጅ ስም በፊደል አጻጻፉ ሳይሳሳት ጽፈን እንሰጣለን።